ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ገመድ

ከሥራ ያስወጣኝ ጆሮዬ ነው። ዕድሜ አይደለም። ሐኪሟ ግራ ጆሮዬን በመብራት አየችና «አባባ፣ ከእንግዲህ ከጠለቁ ጨርሶ ይደፈናል» አለችኝ። «ልጄ፣ አሁንስ ግማሹን መቼ ሰማሁሽ» አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን እውነቴን ነበር።

ቤት ከዋልኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ዕድር ላይ ሳይቀር። «ለመሆኑ ቦሌ ተቀምጠህ ጠላቂ ዋናተኛ የሆንከው የትኛው ባሕር ላይ ነው?» ይሉኛል። ይስቃሉ። ይሳቁ። የሚጠጡት ውሃ ከቧንቧው ውስጥ የሚበቅል ይመስላቸዋል። ውሃው ከግድብ ነው የሚመጣ። ግድቡ ሥር የብረት በር አለ። በሩ ይዝጋል፣ ግንድ ይወተፍበታል፣ ደለል ይውጠዋል። ያን ጊዜ አንድ ሰው ወርዶ በእጁ መዳሰስ አለበት። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው ነው። ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ነው፣ እሱንም ሳልጨርስ ጠፍቼ ወታደር ሆንኩ። ስለዚህ አጻጻፌን ትታችሁ ነገሩን ያዙልኝ። የምጽፈውም ስለ ራሴ አይደለም፤ ጋሽ ሀጎስ ስለሚባሉ ሰው ነው።

መጥለቅ የተማርኩት ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ሳለሁ ነው። እዚያ ውሃው ይሞቃል፣ ዓሣውም ይታያል፣ ሰው የሚጠልቅ ሳይሆን ሰርግ የሄደ ነው የሚመስለው። መንግሥት ሲለወጥ ሁላችንም ተበተንን። እኔ አዲስ አበባ ገባሁና ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ካርጎ በር ላይ ዕቃ አውራጅ ሆንኩ። ደመወዙን ተዉት። አንድ ጠዋት መኪና ላይ ሣጥን ጭኜ ገመድ ሳስር አንድ ኮት የለበሱ ቀጭን ሽማግሌ መጥተው ቆሙ። ቋጠሮዬን አዩ። ዳሰሱት።

«ይሄን ቋጠሮ ማን አስተማረህ?»

«ባሕር» አልኳቸው።

«ባሕር አያስተምርም፤ ባሕር ይፈትናል። ማን አስተማረህ?»

የአሠልጣኜን ስም ነገርኳቸው። «እሱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉና «ነገ ሃያ ሁለት ና» ብለውኝ ሄዱ። ጋሽ ሀጎስ ማለት እኚህ ናቸው። የትግራይ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ባሕር ላይ የጨረሱ፣ ከእኔ በፊት የነበሩ ጠላቂዎች አለቃ።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ ሸምሱ የሚባል የውሃ ፓምፕ ነጋዴ ነበር፤ ስልጤ ነው። «አንቱ አትበሉኝ፣ ሳላገባ ታስረጁኛላችሁ» ስለሚል አንተ እንለዋለን። ፓምፕ ሲሸጥ ሲሸጥ ሰዎች «ጉድጓዳችን ውስጥ የወደቀውን ማን ያወጣልናል?» ይሉት ጀመር። እሱ ደግሞ ጥያቄ መጥቶበት ዝም የሚል ነጋዴ አይደለም። ጋሽ ሀጎስን ፈልጎ አገኘ፣ ጋሽ ሀጎስ እኔን አገኙ፣ ከዚያ ብርሃኑን ጨመርን። ብርሃኑም የባሕር ሰው ነበረ፤ ግን ተወልዶ ያደገው እዚሁ ሸገር ነው፤ አራዳ፣ አፉ የማያርፍ። ሥራችን የሆቴል ገንዳ፣ የውሃ ታንከር፣ የፋብሪካ ጉድጓድ፣ ዋናው ግን ከከተማው በስተምሥራቅ ያለው ግድብ ነበር።

ስለ ጋሽ ሀጎስ ልማድ ልንገራችሁ። ሰውዬው ማንኛውንም ዕቃ ስትሰጧቸው ያገላብጡትና «ይሄ ቢሞትስ?» ይላሉ። የእጅ ባትሪ ብትሰጡ «ይሄ ቢሞትስ?» ሌላ የእጅ ባትሪ ብታሳዩ «ያኛውን የገደለው ይሄንንስ ቢገድለው?» ብርሃኑ «ጋሽ ቢሞትስ» ብሎ ስም አወጣላቸው። ሰሙ። «ደግ ስም ነው» አሉ፤ በቃ።

ገመዳቸውን በእጃቸው ነው የሠሩት። መጨረሻው ላይ ከባድ ብረት ታስሮበት ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ላዩ ላይ ሦስት ምልክት አለው። ታች ጠፍር የተጠመጠመበት፣ መሐል ከጎማ ላስቲክ የተቆረጠ ቀለበት፣ ላይ ጨርቅ። ጠላቂ ሲወጣ እነዚህ ሦስቱ ላይ እየቆመ ይጠብቃል። ለምን እንደሚጠብቅ ላላወቀ ልንገር። ጥልቀት ውስጥ የምትተነፍሰው አየር ደምህ ውስጥ ይገባል። እየቆምክ ቀስ ብለህ ከወጣህ ሰላማዊ ሆኖ ይወጣል። ከተቻኮልክ ግን ለስላሳ ጠርሙስ ነቅንቀህ ስትከፍተው የሚያደርገውን ደምህ ያደርጋል። ትከሻ ይይዛል፣ እግር ያሽመደምዳል፣ ይገድላልም። አገራችን ደግሞ ከፍታ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ምጽዋ ላይ ከምትጠብቀው የበለጠ መጠበቅ አለብህ። ጋሽ ሀጎስ ይህን አስልተው ከቢጫ ጀሪካን ጎን በቆረጡት ፕላስቲክ ላይ በምስማር ጭረውት ነበር።

ለምን ጠፍር፣ ለምን ጨርቅ ትሉ ይሆናል። የግድብ ውሃ ታች ጨለማ ነው። እጅህን አታይም። እጅህ ግን ጠፍርና ጨርቅ ይለያል። ሱቁ ጀርባ ግቢ ውስጥ ዓይናችንን በፎጣ ያስሩንና ገመዱን ዛፍ ላይ ሰቅለው «ላስቲኩን ፈልግ» ይሉን ነበር። ፓምፕ ሊገዛ የመጣ ሰው ቆሞ ያየናል። «ድብብቆሽ ነው ወይስ አእምሯቸውን ነው?» ሲል ሰምቻለሁ። ጋሽ ሀጎስ ግን ዞር ብለውም አያዩ። ጓንት አስለብሰው ይደግሙናል፤ እጃችንን በቀዝቃዛ ውሃ አደንዝዘው ይደግሙናል። «የሚሞቅ እጅ ሁሉን ያውቃል። የሚንቀጠቀጠውን እጅህን ነው ማስተማር ያለብህ።»

ሌላው ልማዳቸው ገመድ ሲይዙ ጣታቸው ከገመዱ አይነሳም። ሰው ቢያወራቸው አይመልሱም፤ ዝናብ ቢመጣ አይነሱም። ጠላቂው ጠፍሩ ላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ ይስባል፤ ላስቲኩ ላይ ሁለት፣ ጨርቁ ላይ ሦስት። ደጋግሞ ከሳበ ችግር አለ ማለት ነው። እሳቸው ደግሞ ቁልፉ በእጅ የሚሞላ አሮጌ ሰዓታቸውን እያዩ፣ የመጠበቂያው ጊዜ ሲያልቅ ከላይ አንድ ጊዜ ይስባሉ። ያን ጊዜ ወደሚቀጥለው ትወጣለህ። ሳይሳቡልህ ከወጣህ ማታ እራት አብረውህ አይበሉም።

በእኛ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ ሊያልቁ አካባቢ ሸምሱ ሁለት የጠላቂ ኮምፒውተር አስመጣ። የእጅ ሰዓት ይመስላል፣ ወፈር ይላል። ስንት ሜትር እንደወረድክ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየህ፣ ስትወጣ የት ቆመህ ምን ያህል መጠበቅ እንዳለብህ ራሱ አስልቶ በመስታወቱ ላይ ያሳይሃል። ሸምሱ ያስመጣው ሊያምርበት አይደለም። ውሃ የሚፈራ ሰው ነው፤ ወደ ግድብ በሄድን ቁጥር ዳር ላይ ቆሞ እስክንወጣ ቢስሚላህ ሲል ነበር የሚውል። «አንድ ቀን አንዳችሁን ቤተሰባችሁ ፊት ይዤ መቆም አልፈልግም» አለን። ይህን ቃሉን አልረሳውም።

ኮምፒውተሮቹ ሲመጡ ባትሪያቸው አልቆ ነበር። ሸምሱ ከአንድ ሱቅ አንድ እሽግ ባትሪ ገዝቶ ለሁለቱም ከተተ። ከዚያ ቦሌ አንድ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ሞከርናቸው። ገንዳው የሞቀ ነው። ብርሃኑ ሁለቱንም አንድ ክንዱ ላይ አስሮ ገባና ወጣ፤ ሁለቱም ልክ እኩል ነገሩት። «ሁለት ምስክር!» አለ። ጋሽ ሀጎስ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገንዳው ጫፍ ተቀምጠው ነበር። አንዱን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ደስ አላቸው፤ እውነቴን ነው። «ጎበዝ ነው። እኔ በጀሪካን የጫርኩትን ይሄ በሰከንድ ያስበዋል» አሉ።

«እንግዲህ ገመዱን እንሽጠዋ» አለ ብርሃኑ።

«ይሄ ቢሞትስ?»

«ሁለተኛው አለ!»

«ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ታላቁን የያዘ ጉንፋን ታናሹን ይለቀዋል? ደግሞ ሙቅ ውሃ ውስጥ የማይጎብዝ የለም።»

ብርሃኑ «ጋሽ ቢሞትስ ጀመሩ!» ብሎ ውሃ ረጨኝ።

ክረምቱ እንደወጣ ወደ ግድቡ ተጠራን። ታች የበሩ ወንፊት ብረት ላይ ግንድ ተሰንቅሮ ነበር። በርሜሎች ላይ ሳንቃ ገጥመን በሠራነው መድረክ ላይ ሆነን ከበሩ በላይ ቆምን። ተራው የብርሃኑ ነው። ባለፈው ጊዜ ወገቡ ላይ የታሰረው ገመድ ወንፊቱ ውስጥ ተጠላልፎበት ስለነበር «በገመድ አልወርድም» አለ። ምክንያቱ እውነት ነው፤ ሰው እንደ ዓሣ መረብ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ሸምሱም ከዳር ሆኖ «ጋሼ፣ ሁለት ኮምፒውተር አለው እኮ!» ብሎ ጮኸ።

ጋሽ ሀጎስ ሄደው አየር ሲሊንደሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«ተነሱ እንጂ ጋሼ» አለ ብርሃኑ።

«ወገብህ ላይ አላስርም፤ ልክ ነህ። ገመዱ ግን አጠገብህ ይሰቀላል። ስትጨርስ እሱን ይዘህ ትወጣለህ። አለበለዚያ እዚሁ ነኝ።»

«ሲሊንደሩን ከነሽማግሌው ይዤ አልወርድ!» ብሎ ብርሃኑ ሳቀ። እሺም አለ። ገመዱ ተሰቀለ። ሁለቱን ኮምፒውተሮች፣ አንዱን ግራ አንዱን ቀኝ እጁ ላይ አስሮ፣ ጥቅሻ ጣለብኝና ሰመጠ።

ከዚያ የአየር አረፋ ማየት ነው። ግንዱን ሲታገል አረፋው ይበረታ ነበር። ግንዱ ከቦታው ወጥቶ ራቅ ብሎ ተንሳፈፈ፤ ሸምሱ አጨበጨበ። ቀጥሎ ገመዱ አንዴ ይሳባል ብለን ጠበቅን። አልተሳበም። የጋሽ ሀጎስ ጣት ገመዱ ላይ ነበር። ቆይቶ ሁለት ጊዜ ተሳበ፤ ወዲያው ደጋግሞ፣ ደጋግሞ።

«ጠፍሩን አልፎታል» አሉ። ድምፃቸው አልተለወጠም። «ጌታቸው፣ ትርፉን ሲሊንደር ይዘህ ግባ። ወደ ጠፍሩ መልሰው። እኔ እስክስብላችሁ እንዳትወጡ።»

ገመዱን ይዤ ወረድኩ። ጨርቁን አለፍኩ፣ ቀጥሎ ላስቲኩ ላይ የሰው እጅ ነካሁ። በሁለት እጁ ጨብጦታል። የእጅ ባትሪዬን አበራሁ። ብርሃኑ አንዱን እጁን አንስቶ መነጽሬ ላይ አስጠጋ፤ ከዚያ ሌላኛውን። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ጥቁር ነበሩ። ቁጥር የለም፣ ምንም የለም። ኋላ እንደነገረኝ፣ ታች ግንዱን ሲጨርስ መጀመሪያ ግራው ጠፋ፤ «ቀኙ አለ» ብሎ ሳይጨርስ ቀኙም ጠፋ። ስንት ሜትር ላይ እንዳለ፣ ስንት እንደቆየ የሚያውቀው ነገር አልነበረውም። ገመዱንም በጨለማ ሲፈልግ ወደ ላይ እየተንሳፈፈ መጥቷል፤ እጁ የነካው የመጀመሪያው ነገር ላስቲኩ ነው። ያን ግቢ ውስጥ ዓይኑ በፎጣ ታስሮ የዳሰሰውን ላስቲክ እጁ አወቀው።

ወደ ታች ጠቆምኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ወደ ላይ ጠቆመ። አየሩ ሊያልቅ ነበር። የትርፉን ሲሊንደር መተንፈሻ አፉ ውስጥ ከተትኩለትና ቀበቶውን ይዤ ወደ ታች ጎተትኩት። ታገለኝ። የፈራ ሰው ጉልበት ምን እንደሆነ ውሃ ውስጥ ያልያዘ ሰው አያውቅም። ጠፍሩ ላይ ስንደርስ እጁን ይዤ ጠፍሩን አስጨበጥኩት። ያን ጊዜ ተረጋጋ። እዚያ ጨለማ ውስጥ ሁለታችንም አንድ ገመድ ይዘን የሽማግሌውን እጅ ጠበቅን። ኮምፒውተር የለም፣ ሰዓት የለም። ላይ አንድ ሰው አለ፤ ሰዓቱን በእጁ ሞልቷል። በቃ ይሄው ነው የነበረን።

ተሳበ። ወደ ላስቲኩ ወጣን። ጠበቅን። ተሳበ። ወደ ጨርቁ ወጣን፤ እዚያ ውሃው እንደ ቀጠነ ሻይ ይበራል፤ ዓይኑን አየሁት። ተሳበ። ወጣን።

መድረኩ ላይ መጀመሪያ ቀለደ። «ሁለቱ ምስክሮች ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ጠፉ» አለ። ዳር ወጥተን ልብስ ስናወልቅለት ግን ጭኑን በቡጢ መታ መታ አደረገ። «ጌቾ» አለኝ፣ «ግራ እግሬ ተኝታለች።»

ሸምሱ እየሮጠ ሄዶ የፒክአፑን ሞተር አስነሳ። «ጫኑት! ቶሎ በሉ! ሆስፒታል!» ሁላችንም ተሸክመን ስንነሳ ጋሽ ሀጎስ መኪናው ፊት ቆሙ።

«አይሄድም።»

«ምን?»

«ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው። ይሄ ልጅ ደሙ ውስጥ አረፋ አለ። ከፍ ባለ ቁጥር አረፋው ያድጋል። ዳገቱን ስንጨርስ እግሩን ሳይሆን እሱን እናጣለን። እዚሁ ይተኛ። ኦክሲጅኑን አምጡ።»

ኦክሲጅኑ ሌላው ክርክር ነበር። ሐኪም ቤት የሚጠቀሙበትን ዓይነት አንድ ሲሊንደር በሄድንበት ሁሉ ያስጭኑን ነበር፤ «ለማን ነው የምንሸከመው?» እያልን ስናማርር ኖረናል። አሁን ጭምብሉን ብርሃኑ አፍ ላይ ያደረጉት እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ቢሞትስ?» አለ ሸምሱ። እንባው ይወርድ ነበር። ማንም አልሳቀም።

ጋሽ ሀጎስ ቀና አሉ። ብርሃኑን አዩት፤ ዳገቱን አዩት። ከዚያ «አንተ ብቻህን ውጣ። ቦሌ ጎረቤትህ ያ የአብራሪዎች ሐኪም አለ አላልከኝም? እሱ የከፍታን ነገር ያውቃል። ከተሳሳትኩ እሱ ይንገረኝ፤ እኔ ራሴ ተሸክሜው እወጣለሁ» አሉት።

ሸምሱ ሄደ። እኛ ልጁን ሣር ላይ አስተኝተን ውሃ እያጠጣን ቀረን። ጋሽ ሀጎስ እግሩን በጣታቸው እየነኩ «እዚህ ይሰማሃል? እዚህስ?» ይሉታል። እሱ አይሰማኝም በሚል ራሱን ይነቀንቃል።

ሐኪሙ ደረሰ፤ ወጣት ነው፤ ሌላ ኦክሲጅንና ጉሉኮስ ይዞ፣ ጫማው ጭቃ እየዋጠው ሮጦ ነው የመጣው። መርምሮ ሲጨርስ «ዳገቱን ባለማውጣታችሁ እግዜር ይስጣችሁ» አለ። ጋሽ ሀጎስ ከዚያ በኋላ ነው የተቀመጡት። ሐኪሙ ኮቱን አውልቆ ከእኛ ጋር ሣሩ ላይ አደረ። እንዲህ ያለ ሰውም ቦሌ ውስጥ አለ። ልጁ በግድቡ ጥበቃ ቤት ለጥቂት ቀናት ተኝቶ፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ ነው በዝግታ ያወጣነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሸምሱ ሁለቱን ኮምፒውተሮች ፀሐይ ላይ ድንጋይ ላይ ጥሏቸው ነበር። በማግስቱ ሲያነሳቸው ሁለቱም በርተዋል። ቁጥራቸው ቁልጭ ብሏል። «ነቅተዋል!» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ ሊወረውራቸው እጁን አነሳ። ጋሽ ሀጎስ ያዙት።

«እነሱ ምን አጠፉ? ባትሪያቸው ደካማ ነው፣ ከአንድ እሽግ የወጣ፤ ታች ያለው ብርድ አንድ ላይ ገደላቸው። እኛ የሞከርናቸው ሙቅ ውሃ ውስጥ ነው። ብርዱን እናስተምራቸው።»

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር የምንሞክረው በረዶ በሞላ በርሜል ውስጥ ሆነ። ባትሪ የምንገዛው ከሁለት የተለያየ ሱቅ ሆነ። ገመዱ ግን ከቦታው አልተነሳም። ዛሬም ከእኛ በኋላ የገቡት ጠላቂዎች እንዲህ ነው የሚሠሩት። «ምትክ ማለት መንታ አይደለም» ይሉ ነበር ጋሽ ሀጎስ፤ «አንዱ የሚሞትበትን ሞት ሌላው የማይሞተው መሆን አለበት።» እሳቸው እስኪያርፉ ድረስ አንድም ጠላቂ አላጡም። እኔ ብዙ አለቃ አይቻለሁ፤ ኮከብ ትከሻው ላይ የደረደረም አይቻለሁ። ሰውን ወደ ጨለማ ልኮ ጣቱን ከገመድ ያላነሳ አለቃ ያየሁት አንድ ነው።

ብርሃኑ ዳነ፤ እግሩ ግን ጨርሳ አልነቃችም። ያነክሳል። ከዚያ ወዲህ አልጠለቀም። «አንዷ እግሬ ባትሪዋ ደካማ ነው፣ ብርድ ላይ ትጠፋለች» እያለ ይቀልድባታል። ግማሽ ዓመት ያህል ግድብ የሚባል ስም ሲሰማ ፊቱን ያዞር ነበር። አንድ ቀን ሱቁ ጀርባ ስገባ ጋሽ ሀጎስ ዛፉ ሥር ቆመዋል፤ ብርሃኑ ዓይኑን በፎጣ አስሮ አዲስ ገመድ ላይ ጠፍር ይጠመጥማል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገመድ ያዡ እሱ ሆነ። ሰዓታቸውንም የወረሰው እሱ ነው።

ሐኪሟ ከመከልከሏ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የጠለቅኩት እዚያው ግድብ ነበር። እጄ ላይ አዲስ ኮምፒውተር አለ፤ ሸጋ ነው፣ በጨለማ ያበራል፣ አንድም ጊዜ አሳስቶኝ አያውቅም። ሥራዬን ጨርሼ ጨርቁ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ኮምፒውተሩ ጨርሰሃል፣ ውጣ አለኝ። ገመዱ ግን አልተሳበም። ጠበቅኩ። ውሃው ቀዝቅዟል፣ ጆሮዬ ይጮኻል። ጠበቅኩ። ተሳበ።

መድረኩ ላይ ስወጣ ብርሃኑ ክንዴን ይዞ አወጣኝ። አሮጌውን ሰዓት ወደ ኪሱ ከተተ።

«ኮምፒውተሩ ምን አለህ?»

«ውጣ አለኝ፤ ቀደም ብሎ።»

«ታዲያ ምን አስቆመህ፣ አንተ ሽማግሌ?»

«አንተ አልሳብክልኝማ» አልኩት።

ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። ገመዱን ቀስ እያለ መጠቅለል ጀመረ፤ ጠፍሩ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።